ስለት የባለቤቱ ነው፤ የመቁረጫ መሣሪያን በየዕለቱ ስለ መጠበቅ የቀረበ ሙግት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ ከፋርጣ እስከ እስቴና ላይ ጋይንት ድረስ፣ ስለ ጓሮና ስለ እርሻ መቁረጫ መሣሪያዎች ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ማጭድ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያና የቅርንጫፍ መቀስ አልቆርጥም እስኪሉ ድረስ ይሠራባቸዋል፤ ሲደንዙ ወደ ቀጥቃጭ ይላካሉ፤ ዝገት ሲበላቸው ወይም ሲሰበሩ ደግሞ በገበያ ቀን በሌላ ይተካሉ። በሥራውና በቀጥቃጩ እሳት መካከል ባለቤቱ ራሱ በየዕለቱ ሊሠራው የሚገባ ነገር እንዳለ አይታሰብም፤ ቢታሰብም ጊዜ ለተረፈው ሰው ብቻ እንደሚሆን ጥቃቅን ጉዳይ ይቆጠራል።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም በአንድ ማጭድ ዋጋ የሚለካ አይደለም። ስለት በአብዛኛው የሚጠፋው ብረቱ ስላለቀ ወይም መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ከሥራ በኋላ ሳይጠረግ፣ ሳይደርቅና ዘይት ሳይቀባ ስለሚያድር ነው፤ የጠፋውን ስለት ለመመለስም በብዙው የሚያስፈልገው ሞረድና መሳያ ድንጋይ እንጂ ከሰልና ወናፍ አይደለም። ስለትን የመጠበቅ ኃላፊነት ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ለቀጥቃጩና ለነጋዴው በመተላለፉ ብረቱ ያለ ዕድሜው ያልቃል፣ የሚቆረጠው ተክል ይጎዳል፣ የቀጥቃጩም ጥበብ በማይገባው ሥራ ይባክናል። ለተለመደው አስተሳሰብ የሚቀርቡት ድጋፎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ አንዱም ጸንቶ የማይቆም መሆኑ ይታያል።

ዝገት ዕጣ አይደለም

የመጀመሪያው ድጋፍ ብረት በባሕርዩ የሚዝግና የሚደንዝ ስለሆነ ባለቤቱ ምንም ቢያደርግ አይከለክለውም የሚለው ነው። ብረት የሚዝግ መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ዝገቱ አይቀሬ ነው መባሉ ነው። ዝገት ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ቀይ ቡናማ ውሁድ ሲሆን፣ እንዲፈጠር ብረቱ፣ ውሃውና አየሩ በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ዝገቱ ይቆማል። አየርን ከቤት ማስወጣት አይቻልም፤ ውሃውን ማድረቅና በብረቱና በአየሩ መካከል ስስ የዘይት ሽፋን ማኖር ግን ማንም ሰው በየምሽቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

በደብረ ታቦር አካባቢ ይህ ጥንቃቄ ከቆላው ይልቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራም ደመና እየሳበ በዙሪያው ላሉት ቀበሌዎች ዝናብና ጉም ያወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የረጠበ ነገር በጥላ ሥር በራሱ አይደርቅም፤ ምሽት ላይ ከጓሮ ርጥብ እንደሆነ ገብቶ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማጭድ ሲነጋም ርጥብ ነው። ይህ ለሁለትና ለሦስት ወር በተከታታይ ሲደጋገም ባለቤቱ በጥቅምት መጨረሻ ማጭዱን ለአጨዳ ሲያወርድ የሚያገኘው ክረምቱን ሙሉ የዛገውን ብረት ነው፤ ጥፋቱንም በብረቱ ላይ ያላክካል።

ጉዳዩ በቅርበት ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ገብስ ወይም ሣር ሲያጭድ የዋለ ማጭድ በምላጩ ላይ የተክሉን ፈሳሽ፣ ደቃቅ አፈርና የገለባ ብናኝ ይዞ ይመለሳል። እነዚህ ሲቀላቀሉና ሲደርቁ አረንጓዴ ቡናማ ስስ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ቅርፊቱም የአየሩን ርጥበት እየመጠጠ በብረቱ ላይ ያቆየዋል። ብረቱ ከዚያ ሥር ሲዝግ የዝገቱ ይዘት ከበላው ብረት ይዘት ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ በስፍራውም ትንንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ። እነዚህ ጉድጓዶች በምላጩ መካከል ሲሆኑ ጉዳታቸው ብዙ አይደለም፤ ወደ ስለቱ ጠርዝ ሲደርሱ ግን ቀጭኑ ጠርዝ በየቦታው ይሸራረፋል። ስለዚህ በተለምዶ ሥራ አደነዘዘው የሚባለው ስለት ብዙ ጊዜ የደነዘው ሥራ ባቆመበት ሌሊት ነው።

ሥራ ራሱ የሚያመጣው ድንዛዜ መኖሩ አይካድም። የሣር ዘር የሆኑ ሰብሎች፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ሩዝ፣ ከአፈር የሚስቡትን ሲሊካ የተባለ የአሸዋ ዓይነት ማዕድን በአገዳቸውና በቅጠላቸው ውስጥ ያከማቻሉ። ሩዝ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል፤ በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸው ቶሎ ቶሎ የሚደንዝባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ እውነት የሚያጠናክረው የተለመደውን አስተሳሰብ ሳይሆን ተቃራኒውን ነው፤ ስለት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላ ከሆነ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ አለበትና። ከጠዋት እስከ ቀትር ያጨደ ሰው ለምሳ ሲያርፍ ስለቱን በድንጋይ ጥቂት ጊዜ ቢያስነካው ከሰዓት በኋላ የሚሠራው በሰላ ማጭድ ነው፤ ጨርሶ እስኪዶለዱም ከጠበቀ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ብረት መሞረድ ይኖርበታል፤ ያ ብረትም ዳግም አይመለስም።

ለዚህ ጥበቃ የሚያስፈልጉት ነገሮች ከአካባቢው የራቁ አይደሉም። ቅርፊቱን ለማላቀቅ ርጥብ ጨርቅና የተነፋ አመድ ይበቃሉ፤ የቆየ ቀላል ዝገት ሲኖር የሎሚ ጭማቂ አሲድነቱ ዝገቱን ያሟሟዋል፣ ወዲያው በውሃ ታጥቦ በሚገባ መድረቁ ግን ግዴታ ነው። ለመቀባት የሚሆኑት ኑግና ተልባ በዚሁ አካባቢ የሚበቅሉ የቅባት እህሎች ናቸው። በተለይ የተልባ ዘይት የሚደርቅ ዘይት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይህም ማለት በስሱ ሲቀባ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል ማለት ነው። ለአንድ ማጭድ ጥቂት ጠብታ በጨርቅ ተነክሮ ቢታሽ በቂ ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ቢቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከጋራዥ የሚወጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጠቀም ደግሞ ርካሽ ቢመስልም ጎመንና ሽንኩርት ለሚቆርጥ መሣሪያ አይገባም፤ በውስጡ ከሞተሩ የተፋቁ ጎጂ ብረቶችና የነዳጅ ቅሪቶች አሉበት።

የቀጥቃጩ እሳት ለሌላ ሥራ ነው

ሁለተኛው ድጋፍ መሣሪያን መጠገን የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ለቀጥቃጭ መተው አለበት የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ ለሙያ አክብሮት የሚሰጥ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያደባልቃል። አንደኛው ብረትን መቅረጽ ሲሆን ሁለተኛው ስለትን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው እሳት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እሳትን ይጠላል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ስለ ብረት ጥንካሬ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ለስለት የሚሆነው ብረት በውስጡ መጠነኛ ካርቦን ያለበት ነው። የአገሬው ቀጥቃጮች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪና ተሸካሚ ሞላ፣ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ካርቦን ስላለው ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቢቀጠቀጥም ጽኑ ስለት አይወጣውም። ካርቦን ያለበት ብረት ፍም እስኪመስል ግሎ በውሃ ወይም በዘይት ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፣ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ ጥቂት መልሶ ያሞቀውና ከጥንካሬው የተወሰነውን ቀንሶ ጽናትን ይሰጠዋል። የመሣሪያው ጥቅም በዚህ በመጨረሻው ልከኛ ሙቀት ላይ የቆመ ነው። ያ ሚዛን አንዴ ከተገኘ በኋላ ብረቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ቁጥር ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሲቃረብ ገጹ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ የሆነ ስለትም ከቀድሞው የላላ ነው።

እንግዲህ የደነዘ ማጭድ በተወሰደ ቁጥር ወደ ከሰሉ የሚገባ ከሆነ፣ ቀጥቃጩ ያንን ሚዛን እንደገና ከመነሻው ማግኘት ይኖርበታል ማለት ነው። በተጨማሪም ብረት በግለት ላይ ሳለ ከገጹ ካርቦን ያጣል፣ ጥቁር ቅርፊት እየሠራም ይረግፋል፤ ስለዚህ እሳት በገባ ቁጥር ማጭዱ ይሳሳል። በከተማው የብረታ ብረት ቤቶች የሚሠራበት ግራይንደር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሞረጃ፣ ከዚህ አይሻልም። ብልጭታውና ፍጥነቱ ሥራው በሚገባ እየተሠራ እንደሆነ ያስመስላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ጠርዝ በአንድ አፍታ ሰማያዊ ይሆንና ከሱቁ ሲወጣ የሚያብረቀርቀው ስለት በማግሥቱ ይተጣጠፋል።

በእጅ ሞረድ የሚሠራው ሥራ ግን ብረቱን አያግለውም። አሠራሩም በቶሎ የሚለመድ ነው። ሞረድ ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ስለሚቆርጥ ወደ ኋላ ሲመለስ ከብረቱ ላይ መነሳት አለበት፤ ተጭኖ ወዲያና ወዲህ መፈግፈግ የሞረዱን ጥርስ ያበላሻል። ስለቱ ሲሠራ የተሰጠውን ዝንባሌ መከተል እንጂ አዲስ ዝንባሌ መፍጠር አያስፈልግም፤ ለመጥረቢያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ወፈር ያለ ስለት፣ ለቅርንጫፍ መቀስ ደግሞ ከዚያ ቀጠን ያለ ተስማሚ ነው። የቅርንጫፍ መቀስ አንዱ ምላጭ ብቻ፣ ያውም በውጭ ጎኑ ብቻ፣ ይሞረዳል፤ ውስጠኛው ጠፍጣፋ ጎን ከተሞረደ ሁለቱ ምላጮች ተጠጋግተው መቁረጣቸው ይቀርና ቅርንጫፉን ማኘክ ይጀምራሉ። ሞረዱ ሥራውን ሲጨርስ በስለቱ ሌላ ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን የብረት ክር ይቀራል፤ እርሱም በለሰለሰ ድንጋይ ቀለል ተደርጎ መወገድ አለበት፣ ካልተወገደ በመጀመሪያው ምት ይታጠፍና የተሳለውን ስለት ዱልዱም ያደርገዋል። ሞረዱ ምላጩን ሳይነክስ የሚያንሸራትት ከሆነ ብረቱ ከሞረዱ ያልተናነሰ ጠንካራ ነውና በድንጋይ ብቻ መሳል ይኖርበታል።

ለቀጥቃጩ የሚተርፈው ሥራ ከዚህ በኋላም ብዙ ነው። ጥርስ ያለው ማጭድ ጥርሱ ሲያልቅ በመሮ እንደገና ማውጣት፣ የተሰነጠቀን መጥረቢያ መመለስ፣ የማረሻን ጫፍ በአዲስ ብረት ማስረዘምና ከሁሉም በላይ አዲስ መሣሪያ መሥራት የእርሱ ብቻ ጥበብ ነው። አካባቢው ደግሞ ይህን ጥበብ የሚያባክንበት ምክንያት የለውም። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የብረት ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ አሠርተዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ቀጥቃጩን ቡዳ እያሉ መሸሽ በብዙ ስፍራ ቀጥሏል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የቀጥቃጭነቱንና የሸክላ ሥራውን ከፍተኛ ድርሻ ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰዱበት ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ከእነርሱም ጋር ብዙ የእጅ ጥበብ ከገጠሩ ወጥቷል።

የተለመደው አስተሳሰብ ትልቁ ግፍ እዚህ ላይ ነው። ቀጥቃጩ ቁጥሩ አነሰ፤ የቀረውም በሚገባው ልክ አልተከበረም፤ ያም ሆኖ ጠርጎና ቀብቶ ማሳደር ያልፈለገ ባለቤት የስንፍናውን ውጤት ሁሉ በእርሱ ደጃፍ ያራግፋል። ሙያን ማክበር ማለት ለባለሙያው የሙያውን ሥራ ማምጣት ነው፤ ባለቤቱ በእጁ ሊያስወግደው የሚችለውን ዝገትና እድፍ ይዞ መምጣት ግን አክብሮት ሊባል አይችልም።

የሚቆረጠው ተክል ሕይወት አለው

ሦስተኛው ድጋፍ መሣሪያው እስከቆረጠ ድረስ ንጽሕናውና ስለቱ ለውጥ አያመጡም የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት ስለሚወድቀው ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ቆሞ ስለሚቀረው ተክል አያስቡም። በጓሮ ሥራ ግን ዋናው ቆሞ የሚቀረው ነው።

ለዚህ ከባሕር ዛፍ የተሻለ ምስክር በአካባቢው የለም። በፋርጣና በአጎራባች ወረዳዎች ባሕር ዛፍ ለብዙ ቤተሰብ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ጥቅሙም አንድ ጊዜ ተተክሎ በየጥቂት ዓመቱ እየተቆረጠ ከጉቶው መልሶ በማቆጥቆጡ ላይ የተመሠረተ ነው። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ካለው፣ ካምቢየም ከሚባለው ሕያው ስስ ንጣፍ አካባቢ ሲሆን፣ ይህ ንጣፍ በሕይወት የሚቆየው ቅርፊቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ነው። የሰላ መጥረቢያ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ የቆረጠው ጉቶ ቅርፊቱ እንዳለ ይቀራል። ዱልዱም መጥረቢያ ግን ከመቁረጥ ይልቅ ይደቁሳል፤ ቅርፊቱ ይላጣል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ዝናብ ገብቶ ጉቶውን ያበሰብሳል። በዚህ ዓይነት የሞተ ጉቶ የሚያስከትለው ኪሳራ የአንድ ቀን ሳይሆን የሚቀጥሉት የብዙ ቆረጣዎች ኪሳራ ነው። በጌሾና በፍራፍሬ ዛፍም ነገሩ ያው ነው፤ የጠራ ቁስል ቶሎ ይደርቃል፣ የተቦጫጨቀ ቁስል ደግሞ ለፈንገስና ለነፍሳት በር ይከፍታል።

ከስለቱ በላይ ደግሞ ንጽሕናው ይከብዳል። የተክል በሽታ በቢላዋ የሚተላለፍ መሆኑ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የደቡቡን የእንሰት ማሳ የሚያጠፋው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካሳወቁ ወዲህ፣ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ከሚያሻግሩት ዋና መንገዶች አንዱ ያልጸዳ የእርሻ ቢላዋ መሆኑ ታውቋል። ደቡብ ጎንደር እንሰት ባያመርትም ድንች ያመርታል፤ ድንችንም የሚያጠወልግ ራልስቶኒያ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ አለ። የታመመ ድንች የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ለዘር የሚሆነውን ጤነኛ ድንች ሲቆርጥ ባክቴሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ዘሩም ሲተከል በሽታው ወደ መሬቱ ይወርዳል፤ ከመሬቱ ማጥፋት ደግሞ የብዙ ዓመት ፈተና ነው።

መከላከያው ቀላል ቢሆንም ሥርዓት ይፈልጋል። መጀመሪያ እድፉና የተክሉ ፈሳሽ ከምላጩ ላይ መታጠብ አለበት፤ መድኃኒት በቆሻሻ ላይ ሲፈስ ቆሻሻውን እንጂ ጀርሙን አያገኝምና። ከዚያም ምላጩን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተቀላቀለበት ውስጥ ጥቂት ማቆየት፣ ወይም 70 ከመቶ በሆነ አልኮል መጥረግ ይቻላል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከዚህ መጠን በእጅጉ ስለሚያንስ ይህን ሥራ እንደሚሠራ አድርጎ መተማመን አይገባም። በረኪና ብረትን የሚበላ በመሆኑ ቀኑ ሲያበቃ መሣሪያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆና ተቀብቶ ማደር አለበት፤ እዚህ ላይ ጽዳቱና ጥበቃው ሁለት ሳይሆኑ አንድ ሥራ መሆናቸው ይታያል።

አዲስ መግዛት መፍትሔ አይደለም

አራተኛውና ዛሬ ከሁሉም የበረታው ድጋፍ የዘመኑ ብረት የማይረባ ስለሆነ መንከባከቡ ድካም ነው፣ የተሻለው አዲስ መግዛት ነው የሚለው ነው። በገበያ ላይ ለስላሳ ብረት ተቀብቶና አብረቅርቆ የሚሸጥ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ሌላ ነው። ለስላሳ ብረት ቶሎ ይደነዛል፤ ቶሎም ይሞረዳል። ስለዚህ ደካማ ብረት የገዛ ሰው ጠንካራ ብረት ከገዛው ይልቅ መሣሪያውን አዘውትሮ መንከባከብ ይጠበቅበታል እንጂ ከእንክብካቤ ነጻ አይሆንም። ያልተንከባከበው ሰው ደግሞ የትኛው ብረት ደካማ፣ የትኛው ጠንካራ እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ ሁለቱም በእርሱ ቤት በእኩል ዕድሜ ዝገው ያልቃሉና። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአገሬው ብሂል ለዚህ ፍርድ በቂ ነው።

የእጀታ አያያዝም ይህንኑ ያሳያል። በበጋ የመጥረቢያ ዛቢያ ደርቆ ሲላላ የተለመደው መፍትሔ መሣሪያውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ነው። እንጨቱ በውሃው አብጦ ለጥቂት ቀን ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይልቅ ይላላል፣ ውሃውም ዛቢያው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ብረቱን ከውስጥ ያዝጋል። መጥረቢያው ወልቆ ሲበር ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ጥፋቱም የእንጨቱ ይባላል። ወይራን ወይም ክትክታን በመሰለ ጠንካራ እንጨት የተሠራ ዛቢያ በዓመት ጥቂት ጊዜ የተልባ ዘይት ቢጠጣና በልኩ የተጠረበ ሽብልቅ ቢመታበት ይህ ሁሉ አይደርስም።

ከመንግሥት ወገንም ይኸው አስተሳሰብ በሌላ መልክ ይገኛል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተስፋፋው የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ትኩረቱን በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ላይ አድርጓል፤ ስለ መሣሪያ ሲነሳም የሚነሳው አዲስ ስለሆነው፣ ስለ መውቂያው፣ ስለ ትራክተሩና ስለ ኮምባይነሩ ነው። እነዚህ አያስፈልጉም የሚል ክርክር እዚህ አይቀርብም። ነገር ግን በጋይንትና በእስቴ ተዳፋት ላይ ያለው ጠባብ ማሳ ለረጅም ጊዜ በማጭድ የሚታጨድ ነው፤ የጓሮ ጎመን፣ ጌሾና የፍራፍሬ ዛፍም ወደ ፊት በእጅ መሣሪያ የሚያዙ ናቸው። የሰላ ማጭድ ጤፍን ሳይነቀንቅ ይቆርጣል፤ የደነዘው እየጎተተ ያራግፋል፣ የረገፈውም ፍሬ የዓመት ድካም ነው። በወንፈል ወይም በደቦ ብዙ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ሲሰለፍ የአንዱ ዱልዱም ማጭድ የመስመሩን ሁሉ እርምጃ ያዘገያል። አንድ ማጭድ የሚጠይቀው የአምስት ደቂቃ እንክብካቤ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዘን ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት ክብደት የለውም።

በዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄም አለ። የጓሮው ሥራ በብዛት የሚሠራው በሴቶች ሲሆን፣ መሣሪያን ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ማሠራትና ገበያ ወጥቶ መግዛት ግን የወንዱ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ስለቱ እስኪሠራ የሚጠበቀው ሌላ ሰው እስኪመቸው ከሆነ፣ በዱልዱም ብረት ክንዷ የሚዝለው ሥራውን የምትሠራዋ ሴት ናት። ሞረድና መሳያ ድንጋይ በቤት መኖራቸውና አጠቃቀማቸውን ሁሉም የቤቱ ሰው ማወቁ ይህን ጥገኝነት ያስቀራል።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት ልማዱ ነው፤ ለውጡም ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማጭድና ገጀራ በሚያቀርቡበት መጋዘን ሞረድና መሳያ ድንጋይ አብረው ያቅርቡ፤ በየቀበሌው ያሉት የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በሚያስተምሩበት ሰዓት ላይ መሣሪያን ስለ ማጽዳት፣ ስለ መሳልና ስለ መቀባት ይጨምሩ፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የአገሬውን ቀጥቃጮች እንደ መምህር ጋብዘው ስለ ብረት ግለትና ስለ ሙቀት ልክ ያላቸውን ዕውቀት ከሳይንሱ ጋር ያገናኙ። ቤተሰብ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል፤ ከጓሮ የገባውን ምላጭ ይጥረግ፣ ያድርቅ፣ በጥቂት ዘይት ይሸፍን፣ በደረቅ ስፍራም ይስቀል። ማጭዱን ከነእድፉና ከነርጥበቱ የሰቀለ ሰው አጨዳውን ቢጨርስም ሥራውን ገና አልጨረሰም።